ለቀይዋ መኪና የላክኸው ሞላ

ለውድ ወንድሜ ለጌትነት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሥራው፣ ሰዉ፣ የሻርጃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ባለቤቴ አባይ ደህና ነው፣ ልጄ ቢታንያም አምስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ጥቂት ቀን ቀርቷታል። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ ከለቀማ የተረፈው ማንጎ ከዛፉ ሥር እየወደቀ ግቢው ዝንብ በዝንብ ሆኗል። ከናፍቆትህ በስተቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንደ ሌላው ጊዜ ላልፍ ነበር፤ ዛሬ ግን አላልፍም። "ለጤናህ እንደምን አለህ" እያልኩ እስከ ዛሬ የጻፍኩልህ ለወጉ ነው፣ ሰው ሁሉ ስለሚጽፈው። አሁን ግን የምሬን እየጠየቅሁህ ነው። ለጤናህ እንደምን አለህ? መልሱ እስኪደርሰኝ ድረስ አንድ ነገር እንደደበቅኸኝ ቆጥሬ እቀመጣለሁ።

በስልክ ለምን አልጠየቅሽኝም እንዳትለኝ። ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ሦስቱንም ጊዜ ስቀህ ስለ ቀይዋ መኪና ጠየቅኸኝ። በዚያ ላይ እዚህ ያለው መስመር ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፤ አንተም ጨነቅ ሲልህ "ኔትወርክ!" ብለህ ትዘጋዋለህ። ይህን ወረቀት ግን ልትዘጋብኝ አትችልም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ማንን እንደጠረጠርኩ፣ ኋላም ጥርጣሬዬ እንዴት ዞሮ አንተ ላይ እንዳረፈ እንድታውቀው ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሳልቆርጥ መርፌ አላስገባም፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ሳይፈረምልኝ ክር አላስወጣም። አባይ "እኔንም ፈርመሽ ነው የተረከብሽኝ" እያለ ይቀልድብኛል፣ ይቀልድ። የላክኸው ካርቶን የደረሰ ዕለት ሳሎን ወለል ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ መዘገብኩት፦ አራት ሾክ፣ አራት ሞላ፣ አንድ ከረጢት ጎሚኒ (ያ ብራቾው ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት)፣ ብሎኖቹ ከነማጥበቂያቸው። በየሞላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይቀር ገለበጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው ለማህጁብ ያስረከብኩት። ማህጁብ እጁ የተባረከ መካኒክ ነው፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ጓደኛህ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ጓደኝነቱ ከአንተ ጋር እንጂ ከሾኮቹ ጋር አይደለም ብዬ አስፈረምኩት። እየሳቀ ፈረመልኝ፣ የፈረመበትም ወረቀት እጄ ላይ አለ።

ያቺን መኪና ከመሄድህ በፊት ምን አድርገሃት እንደነበር አትረሳውም መቼም። ሴሊካ ናት፣ ስፖርት መኪና ናት፣ ከፍ ብላ መሄድ ነውሯ ነው እያልክ የገዛ ሞላዋን በመጋዝ አስቆረጥክባት። ከዚያ ወዲያ ወደ አምባችን በሚያመጣው ጠጠር መንገድ ላይ በየጉድጓዱ ሆዷን እየፈተገች ስትሄድ ሰው ሁሉ ከበሩ ወጥቶ ያይህ ነበር። እኔን አንድ ቀን ከገበያ ስታመጣኝ ወገቤ ተቆርጦ ሊወድቅ ደርሶ ስጮህ፣ "መኪና ማለት እንዲህ ነው፣ መንገዱን በወገብሽ ማወቅ አለብሽ" አልከኝ። ሾክ ሊቀየር ነው፣ ሞላ ሊቀየር ነው ስትለኝ ታዲያ በልቤ ያሰብኩት ከድሮው የባሰ የሚያንገጫግጭ ነገር እንደምትልክ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማህጁብ "ና ሞክረው" ብሎ ጠራኝ። ዛሬም ለወንድም ለሴትም "አንተ" ነው የሚለው፤ እሱ በበርታኛ ያደገ ሰው ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ተሳፍሬ በጋራዡ ጀርባ ባለው ኮረኮንች ወሰደኝ። ጌትነት፣ ጉድጓዱን በዓይኔ አያለሁ፣ ሰውነቴ ግን አያውቀውም። መኪናዋ ከፍ ብላለች፣ ልስልስ ብላለች፣ አልጋ ላይ እንደተኛሁ ሆኜ ሄድኩ። ሌላ ሴት ብትሆን ትመርቀው ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የእኔ ወንድም እንዲህ ያለ ለስላሳ ሞላ አይልክም፣ ይህ ሰው የላክኸውን ጠንካራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከወዳደቀ መኪና የነቀለውን ገጥሞልናል ብዬ ደመደምኩ። ለእሱ ግን "ጥሩ ነው" ብዬው ወረድኩ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ማህጁብ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ መሄዱን ጠብቄ፣ የምዝገባ ወረቀቴን ይዤ፣ ከነካኪ ጋዋኔ መኪናዋ ሥር ተንፏቅቄ ገባሁ። በስልኬ መብራት የአራቱንም ሞላ ቁጥር ከወረቀቴ ጋር አመሳከርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የማህጁብ ሚስት ነዕማ ምሳውን ይዛ ደረሰች፣ ያየችውም ሁለት እግሬን ብቻ ነው፣ በጫማዬ ለየችኝ። "ሕብረት፣ አንተ እዚያ ታች ምን ይሠራል?" አለችኝ። ጉትቻዬ ወድቆብኝ ነው አልኳት። እሷም ምሳውን አስቀምጣ፣ ንጹህ ልብሷን ሰብስባ ተንበርክካ ጉትቻዬን ፍለጋ ገባች። ሁለታችንም እዚያ ዘይት ውስጥ ስንዳክር ሁለቱም ጉትቻዎቼ ጆሮዬ ላይ ነበሩ። አይታቸዋለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቁጥሮቹ አራቱም ልክ ናቸው። ሾኮቹም የላክኸው ናቸው፤ ልስላሴያቸውን የሚያስተካክለው ማዞሪያም እስከ መጨረሻው ወደ ለስላሳው ዞሯል። እንግዲህ ማህጁብ ካልሰረቀ፣ ለስላሳውን መርጠህ የላክኸው አንተ ነህ ማለት ነው። ለምን? ሠላሳ ስድስት ዓመት የሽምግልና ዕድሜ አይደለም። ሰው እንዲህ በአንዴ ጠባዩን አይቀይርም ብዬ አሰብኩ፤ ያኔ ግን ሌላ ምክንያት ከመፈለግ ይልቅ ማህጁብን መጠርጠሩ ይቀለኝ ስለነበር እሱኑ መከታተል ቀጠልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ለሥራ ወደ ባምባሲ ሄድኩ። ከሚኒባስ ስወርድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቀይዋ ከእህል ነጋዴው ከዳበሳ መጋዘን ደጃፍ ቆማለች፣ ማህጁብና ዳበሳ ጆንያ ያስገቡባታል። የፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር የለም፣ ተነቅሏል። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ! ቦርሳዬን መሬት ላይ ወርውሬ በገበያው መሐል አፌን ከፈትኩ። የወንድሜን መኪና የእህል ጋሪ አደረግሃት፣ እሱ በሰው አገር እየተቃጠለ የላከውን ሞላ አንተ ማሽላ ታመላልስበታለህ፣ አንተን አምኖ ነበር አልኩት። ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ "ፖሊስ ጥሩ" አለች። ማህጁብ ግን አልተቆጣም። እስክጨርስ ጠብቆኝ "እህቴ፣ አንተ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ጩህ" አለኝ።

አየሁ። ወንበሩ በነበረበት ቦታ ከፊት አንስቶ እስከ ኋላ መቀመጫው የሚደርስ ጣውላ ገጥሟል፣ በላዩ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፏል። ጆንያው በጎኑ ተጋድሞ በቀበቶ ታስሯል። በጆንያው ዙሪያ በጠመኔ መስመር ተሰምሯል። ማህጁብ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አዲስ ሞላ ሲገባ ጎሚኒዎቹ ባዶ መኪና ላይ ከጠበቁ ቶሎ ይቀደዳሉ፤ መኪናው የሚሸከመውን ሸክም ተሸክሞ ዝቅ ብሎ ሳለ ነው ብሎኑ የመጨረሻውን የሚጠብቀው። ጠመኔው ደግሞ በመንገድ ላይ ጆንያው ስንት ጣት እንደሚንሸራተት ማያ ነው። ከአሶሳ ሲመጣ የጫነው ሌላ ጆንያ ሁለት ጣት ሄዶበታል፤ ስለዚህ ቀበቶውን አስተካክሎ፣ ክብደቱንም በትክክለኛ ሚዛን አስመዝኖ ሊመለስ ነው። ሲመለስ ከአንድ ጣት በላይ ከሄደ እንደገና ፈትቶ ይገጥመዋል። የዕቃ ሰው ነኝና ገባኝ፣ አፈርኩም።

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ዳበሳ እየሳቀ መጣ። ሠላሳ ዓመት እህል ሸጫለሁ፣ ኩንታል የሚል አለ፣ ግማሽ የሚል አለ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ ማሽላ መዝንልኝ የሚል ሰው ግን በእናቴ አላየሁም፣ የመጨረሻዋን ኪሎ በጣሳ እየጨመርኩ እየቀነስኩ ነው ያስተካከልኩለት አለኝ። ለምን ስልሳ አንድ ሆነ ብዬ ማህጁብን ጠየቅሁት። "ጌትነት ነው እንዲህ ያለኝ" አለና ፊቱን አዞረ።

አንተ ከዚህ ስትሄድ ሰባ ስምንት ኪሎ ነበርክ። አልረሳሁትም፤ ሻንጣህን እኛ ግምጃ ቤት ሚዛን ላይ ስናስመዝን አንተም ለቀልድ ወጥተህበት ነበር፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። በቤታችን ውስጥ ስልሳ አንድ ኪሎ የሚመዝን ሰው የለም። ተኝቶ የሚሳፈርም የለም። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ከሰባ ስምንት ስልሳ አንድን ቀነስኩ።

ማህጁብን ወደ ጥግ ወሰድኩት። መጀመሪያ ስለ ዕቃው ጠየቅሁት፣ "ወላሂ፣ ጌትነት የላከው ሁሉ መኪናው ላይ ነው" ብሎ ሳያመነታ ማለልኝ። አሁን ደግሞ ወንድሜ ጤነኛ ነው ብለህ ማልልኝ አልኩት። የእጁን ዘይት የሚጠርግበትን ጨርቅ አነሳ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ፣ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። "እሱ አማና ነው፣ እህቴ" አለኝ በመጨረሻ፤ አደራ ነው ማለቱ ነው። ማህጁብ በውሸት ወላሂ እንደማይል አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አስለቀሰኝ፤ አንዴ በሐፍረት፣ አንዴ በዚህ።

ወደ አሶሳ የመለሰኝ በእሷው በቀይዋ ነው። ከኋላ ተቀመጥኩ፣ መንገዱን ሙሉ እጄን ጆንያው ላይ አድርጌ መጣሁ። ስንደርስ ወርዶ ጠመኔውን አየ፤ ጆንያው ግማሽ ጣት እንኳ አልሄደም። ብሎኖቹን ያን ጊዜውኑ አጠበቃቸው። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ለነዕማም ስለ ጉትቻው እውነቱን ነገርኳት። እሷ "አውቃለሁ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ሁሉ እየመዘገብኩ ነው፣ ልማዴ ነው። ካለፈው ታኅሣሥ ጀምሮ በቪዲዮ ስትደውል ካሜራውን አገጭህ ሥር አስጠግተህ ፊትህን ብቻ ነው የምታሳየኝ፤ ከጀርባህ ያለው ባለሰማያዊ መስመር ትራስም በአራቱም ጊዜ ያው ነው። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሥራህን ማውራት ትተሃል። የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ተጠርጓል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። የግቢያችን በር ስፋቱ ስንት ነው አልከኝ፤ እኔ ቂሏ ለመኪናዋ መስሎኝ ነበር። ለዕረፍት የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ሳሊማም ከአንተ ጋር በአንድ ከተማ እየኖረች "በስልክ እንገናኛለን" ትለኛለች እንጂ አየሁት አትለኝም። እሷም እንዳትናገር ሳትምልልህ አትቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሁን ንገረኝ። ወገብህ ነው? እግርህ ነው? ዕቃ ወደቀብህ ወይስ አንተ ከላይ ወደቅህ? ሐኪሙ ምን አለ? ማን ያገላብጥሃል? ማን ያጥብሃል? ተናድጄብሃለሁ፣ ጌትነት። ለመካኒክ የተነገረ ነገር ለእህት እንዴት ይደበቃል? አንተን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህን እኔን በሾክና በሞላ ታታልለኛለህ? ብሳሳት ደስታዬን አልችለውም። ተሳስተሻል በለኝና ቆመህ ሳቅብኝ፤ ግን ቆመህ አሳየኝ።

ካልተሳሳትኩ ደግሞ ስማኝ። ክረምቱ ይውጣ፣ ትንሽ ይሻለኝ፣ ሰው እንዲህ ሆኜ አይየኝ የምትለውን ተው። ቆመህ መምጣት ባትችል ተኝተህ ና። ከማረፊያው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ከማህጁብ ጋር ሄደን አይተነዋል፤ ክፉው ከድልድዩ ወዲህ ያለው ቁራጭ ነው፣ እሱንም በእግር እርምጃ ይነዳዋል። የግቢውን በር ለክቼዋለሁ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው፣ በሰፊው ያስገባል። ከማድቤቱ ጎን ያለውን ክፍል አባይ ወለሉን ደልድሎታል፣ ደፉንም አንስቶታል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዕቃ ይገባበታል አልኩት፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ሳሊማ ናት። ለማንም እንዳትሰጥ፣ እጅ በእጅ ለራስህ እንድታስረክብህ አስምያታለሁ፤ ስትቀበላት እንዴት እንደምትነሳ፣ ካልተነሳህም እንዴት እንደሆንክ አይታ እንድትነግረኝ ጭምር ነው የላክኋት። ስለዚህ አሁን ይህን ስታነብ እሷ ፊት ለፊትህ ቆማ እያየችህ ነው። አትቆጣት።

አባይ በጣም ናፍቀኸኛል፣ ካርታ የሚጫወተኝ አጣሁ ይልሃል። ቢታንያ ጉንጭህን ስማሃለች፤ በመጀመሪያው መንፈቅ ሦስተኛ ወጥታለች፣ ሁለተኛ የወጣውን ልጅ ኮርጇል ብላ ትጠረጥረዋለች፣ የእኔው ልጅ ናትና አትፍረድባት። ማህጁብና ነዕማ ሰላም ብለውሃል። እሱ አማናህን ጠብቋል፣ ለእኔ ምንም የነገረኝ ነገር እንደሌለ እወቅለት። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች፣ በተለይ እየተንከባከበህ ላለው ማንም ይሁን ማን፣ እግሩን ስሜያለሁ በልልኝ።

እማዬን ምንም አልነገርኳትም። እሁድ ዕለት ማህጁብ መኪናዋን አምጥቶ ግቢ አቆማት። እማዬ ወጣች፣ አንዴ ዞረቻት። ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝና ገብታ ጣውላው ላይ በጀርባዋ ተኛች፣ እግሮቿን ገጠመች፣ ማህጁብን እስከ ወፍጮ ቤቱ ወስደህ መልሰኝ አለችው። ወስዶ መለሳት። ሲመለሱ ሳትወርድ በእጇ ራስጌዋን ዳሰሰች። ከዚያ "ለጌትነት ስትጽፊ ሰላም በይልኝ፣ መንገዱ አያምም በይው፤ ራስጌው ላይ ግን ትራስ ይጎድለዋል" አለችኝ። ይህን ስጽፍልህ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ትራሱን እየሰፋች ነው።

እህትህ ሕብረት
አሶሳ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.